ከአዋሽ ወዲያ የቀደምኩት ብስክሌተኛ

ይህን የማወራው ሰው ለማስፈራራት አይደለም። በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነው።

ሰማንያን አልፌያለሁ። እኔ እየነገርኳት የምትጽፍላችሁ የልጅ ልጄ ናት።

ጊዜው ግንቦት 1960 ዓ.ም. ነው። ጨለማ እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ቦታው ከአዋሽ ወዲያ፣ ከሐዲዱና ከአንድ የጠባቂ ጎጆ በቀር ሰው የሠራው ነገር የማይታይበት በረሃ።

ያኔ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ጫኝ ነበርኩ። ሮሪሳ የሚባል ባልደረባ ነበረኝ፤ አብሮ አደጌ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ብቻውን በብስክሌት ድሬዳዋ ደርሶ በባቡር ተመለሰ።

አቃቂ ሌላ ወሬ አጣች። ጣቢያው ሮሪሳ፣ ፋብሪካው ሮሪሳ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሮሪሳ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የፀሐይቱን ነው።

ፀሐይቱ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከፈረቃ ስትወጣ እየጠበቅኩ ቤቷ ድረስ ሸኝቻታለሁ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆም አለችና...

"እስቲ ሮሪሳን ጥራልኝ። ስለ በረሃው ያጫውተኝ።"



"እኔም እሄዳለሁ" አልኳት። "እሱ ሰባት ቀን ፈጀበት። እኔ በአምስት እገባለሁ።"

የመነሻዬ ዋዜማ ሮሪሳ ቤቴ መጣ። ተቀመጥ ስለው እምቢ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ...

"ከአዋሽ ወዲያ አንድ ሰው ከፊትህ ይሄዳል።"

"የምን ሰው?"

"ብስክሌተኛ ነው። እንዳትቀድመው።"

"ብቀድመውስ?"

"እኔ አልቀደምኩትም" አለ። ከዚያ ወጣ።

በሆዴ ሳቅኩበት። ስሙን እንዳልወስድበት ፈርቶ ነው አልኩ። ቅናት ሲይዝህ የሚያስብልህ ሰው ሁሉ ጠላት ይመስልሃል።

በሦስተኛው ቀን አዋሽን አለፍኩ።

ከሐዲዱ ጎን አሸዋው ላይ የጎማ ዱካ አየሁ። የአንድ ብስክሌት ነው። ትኩስ...

ንፋሱ የእኔን ዱካ ከኋላዬ እየተከተለ ያጠፋል። ያኛውን ግን አይነካውም።

አሸዋው ሲበዛ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ያ ብስክሌተኛም መውረድ ነበረበት። የእግር ዱካ ግን የለም... የጎማው ብቻ።

ጥቂት እንደሄድኩ አንድ የሐዲድ ጠባቂ ጎጆ ደረስኩ። ጠባቂው ሽማግሌ ውሃ ቀዱልኝ።

"ጓደኛህስ አልጠጣም አለ" አሉኝ።

"የቱ ጓደኛ፣ አባባ? ብቻዬን ነኝ።"

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"ስምህን ጠርቶ ‘ከኋላዬ ነው’ አለኝ። በዚህ ሐሩር ሸሚዙ ላይ የላብ ጠብታ የለም።" ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ልጄ፣ እዚሁ እደር። ነገ ባቡር ያልፋል።"

መቅረት ነበረብኝ። ግን ሮሪሳ ያለፈውን መንገድ እኔ ፈርቼ ልመለስ? ፀሐይቱ ምን ትለኛለች?

ሄድኩ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጀርባውን አየሁት።

ቀስ ብሎ ይነዳል። ፔዳሉ ይዞራል... ድምፅ የለውም። የሚሰማው የእኔ ብስክሌት ካቴና ብቻ ነው።

ሳፈጥን ርቀታችን ያው። ስዘገይም ያው።

ከዚያ ጥርሴን ነክሼ ረገጥኩ። ያኔ እሱ ጥግ ያዘና መንገድ ለቀቀልኝ... ሲጠብቀኝ እንደቆየ ሰው።

ጎን ለጎን ሆንን። ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዙሯል፤ አላየሁትም። ድምፁ ግን ጆሮዬ ሥር ነበር።

"ፀሐይቱ እንዴት ናት?"

እውነቱን ልንገራችሁ... መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አልነበረም። ቅናት ነው።

"ከየት ታውቃታለህ?" ብዬ ቀድሜው ዞርኩ።

ማንም የለም። ዱካውም የለም።

ድሬዳዋ አላሰኘኝም። ወደ ጎጆው ተመለስኩ። ሽማግሌው እኔን አስገቡና፣ ሌላ የሚገባ ሰው እንዳለ ሁሉ በሩን ይዘው ቆዩ።

 

በማግስቱ ባቡር ተሳፍሬ አቃቂ ወረድኩ። ወሬው በጣቢያ ስልክ ቀድሞኝ፣ ሮሪሳና ፀሐይቱ ጣቢያው ላይ ቆመዋል። ሮሪሳ አየኝ። ከዚያ ጎኔን አየ... ፊቱ አመድ መሰለ።

"ቀደምከው?" አለኝ በሹክሹክታ።

 እኔ የማየው ፀሐይቱን ነበር። ፈገግ ብላ ትመጣለች። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ፈገግ ብላልኝ አታውቅም።

እጄን ዘረጋሁ።

አለፈችኝ።

ከቀኝ ጎኔ፣ ማንም በሌለበት፣ ቆመችና እጇን ሰጠች። "እንኳን ደህና መጣህ" አለች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ የሆነ ነገር አዳመጠች... ሳቀች።

እጇን ስትመልስ መዳፏ አሸዋ ሞልቶበታል።

በጣቶቿ መሃል መሬት ላይ ይፈሳል... ይፈሳል... አያልቅም።