መምህሩና ቨርዥን ሦስት

ጡረታ የወጡት መምህር ከምሳ በፊት አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። መነጽራቸው ደረታቸው ላይ ነው፤ ጋዜጣው ከእጃቸው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወድቋል። ጠዋት ከነርሶቹ ጋር ሲቀላለዱ የነበሩ ሰው ናቸው። ከራስጌያቸው ያለው የመድኃኒት ፓምፕ ምንም እንዳልተፈጠረ አረንጓዴ መብራቱን ያበራል። እስከ ማግስቱ ሊቆይ የሚገባው ማስታገሻ ግን ተሟጦ አልቋል።

ጥፋተኛ ለማግኘት ማንም አልተቸገረም። ጠዋት ፓምፑን ያስጀመረችው ተረኛዋ ሲስተር ናት፤ ስለዚህ ገዳይዋ እሷ ናት፣ አለቀ። በሰው ላይ መፍረድ እንዲህ ሲቀልላቸው ማየት አንጀት ያቃጥላል። ጉዳዩ የተሰጣት መርማሪ ስትደርስ ሲስተሯ ጋውኗን እንደለበሰች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ከሰዓት በኋላ ወደ ጣቢያ ሊወስዷት ነው።

«ኮምፒውተሩ ላይ በሰዓት አሥር ሚሊ ግራም ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ሐኪሙ ያዘዘው እሱን ነው» አለች። «ፓምፑንም አየሁት፤ አሥር ይላል።»

«አሥር ምን?»

«አሥር ብቻ። ቁጥር እንጂ መለኪያ አያሳይም። እስከ ትናንት የኮምፒውተሩና የፓምፑ ቁጥር ይለያዩ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ እኩል ይሆናሉ ተብለናል። እኩል ነበሩ።»

«በእጅሽ አልነካካሽውም?»

«ልጆቼን ይንሳኝ» አለች ሲስተሯ።

እኩል ይሆናሉ ያለው የሆስፒታሉ ፕሮግራመር ነበር። መርማሪዋ ምድር ቤት ወርዳ በኬብል በተሞላች ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ፕሮግራሙን የቀየርኩት ዛሬ ጠዋት ነው» አላት ሳትጠይቀው። «እስከ ትናንት ሚሊ ግራሙን ወደ ሚሊ ሊትር ለውጬ ነበር ለፓምፑ የምልከው። የዚህ መድኃኒት አሥር ሚሊ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ አንድ እልካለሁ። የአምራቹ መመሪያ ግን ‹ከቨርዥን ሦስት ጀምሮ በሚሊ ግራም ላኩ፤ ፓምፑ ራሱ ይለውጠዋል› ይላል። ፓምፖቻችን ጀርባ ላይ ደግሞ ቨርዥን ሦስት ተብሎ ተለጥፏል። ስለዚህ አሥሩን እንዳለ ላክሁት።»

«ፓምፑስ ምን ብሎ ተረዳው?»

«አሥር ሚሊ ሊትር። አሥር እጥፍ ማለት ነው።»

«መመሪያውን አሳየኝ።»

ገጹን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተላት። «ከኤፒአይ ቨርዥን ሦስት ጀምሮ» ይላል።

«ኤፒአይ ምንድን ነው?»

«የእኔ ፕሮግራምና ፓምፑ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ይበሉት። ፓምፑ የራሱ ቨርዥን አለው፤ ቋንቋውም የራሱ። የእኛ ፓምፕ ምርቱ ሦስተኛ ቨርዥን ነው፤ የሚናገረው ቋንቋ ግን ገና ሁለተኛው ነው።»

«ታዲያ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ የለም እንዴ?»

«ኤፒአይ የሚለው ቃል ጠዋት አልነበረም፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። መምህሩ እንደሞቱ የአምራቹ የድጋፍ ስልክ ላይ ደወልኩ። ሚሊ ግራም ብዬ ልኬ ሰው ሞተብኝ አልኩት። አንድ ሰውዬ ‹ትንሽ ቆይተህ ገጹን እንደገና አንብበው› አለኝ። ሳነበው ቃሉ አለ። ያበድኩ መሰለኝ።»

ሰው ጭንቅ ሲይዘው ምን የማይለው አለ። መርማሪዋ አላመነችውም፣ ውሸታምም አላለችውም። ወንበር ስባ መመሪያውን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረች። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ጨጓራ ይልጣል፦ ቨርዥን ሁለት፣ ቨርዥን አራት፣ ቨርዥን ሦስት፤ የምኑ እንደሆነ የሚናገር የለም። ኤፒአይ የሚለው ቃል ከዚያች ከአንዷ መስመር በስተቀር የትም አልነበረም። መግቢያው ላይ ስትደርስ ቆመች። «ማሳሰቢያ፦ ቨርዥንና ቨርዥን አንድ ስላልሆኑ እንዳያምታቱ» ይላል።

«ወይ ጣጣ» አለች። ደግማ አነበበችውና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የአምራቹ ቢሮ ከመኪና ጎማ መሸጫ በላይ ያሉ ጥቂት ክፍሎች ናቸው። መመሪያውን ሊለውጡ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን እዚያው አረጋገጠች። የመጀመሪያዋ የጻፈችው ሴት ናት።

«ፓምፓችሁ ላይ የነበሩ ሰው ሞተዋል» አለቻት መርማሪዋ።

«የቱ ፓምፕ? ምርቱ ስንተኛ ቨርዥን ነው? ኤፒአዩስ?» አለች ጸሐፊዋ ደንግጣ።

ሁለተኛው ሥራ አስኪያጁ ነው። መርማሪዋ ያንኑ ነገር፣ በዚያው ቃል ነገረችው።

«ነፍስ ይማር» አለ ሥራ አስኪያጁ። «መስማቴ ገና አሁን ነው። በሚሊ ግራም የሚላከው በየትኛው ቨርዥን እንደሆነ ግን መመሪያችን ላይ በግልጽ ሰፍሯል።»

መርማሪዋ አመስግናው ሁለቱንም ወደ ሆስፒታሉ ይዛቸው ሄደች።

በስብሰባ አዳራሹ ሲስተሯ፣ ፕሮግራመሩ፣ ጸሐፊዋና ሥራ አስኪያጁ ተቀመጡ። መርማሪዋ መቀመጥ አልፈለገችም።

«ሲስተር ትክክለኛውን ቁጥር ጽፋለች፤ ኮምፒውተሩ መዝግቦታል። ቁጥሩ አሥር እጥፍ የሆነው ፓምፑ ውስጥ ነው። ፕሮግራመሩ ቃሉ አልነበረም ይላል፤ እኔ ሳየው ግን አለ። ማንን ልመን?» ወደ ጸሐፊዋ ዞረች። «‹ቨርዥንና ቨርዥን አንድ ስላልሆኑ እንዳያምታቱ› ብለሽ ጽፈሻል?»

«እኔ?» ጸሐፊዋ ተቆጣች። «የኤፒአይ ቨርዥንና የምርቱ ቨርዥን አንድ አይደሉም ነው ያልኩት። በእያንዳንዷ መስመር ለይቼ ነው የጻፍኩት። ስንት ቀን የለፋሁበትን ማን እንዲህ አደረገው?»

«ኮምፒውተርን ይሄን ቃል ከሁሉም ቦታ አጥፋ ካሉት ሳያመዛዝን ያጠፋል» አለች መርማሪዋ። «ማሳሰቢያውን እንኳ አይምርም። ስለዚህ ‹የኤፒአይ›ና ‹የምርቱ› የሚሉትን መለያዎች አንድ ሰው በአንድ ትእዛዝ ጠርጓቸዋል። ከዚያ አንዷን ብቻ፣ መምህሩ የሞቱባትን መስመር፣ በጥድፊያ መልሷታል። ጸሐፊዋ ብትሆን ሁሉንም ትመልስ ነበር።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እርስዎ ሞቱን የሰሙት ከእኔ ነው ብለውኛል። እኔ ግን ስለ ሚሊ ግራም ትንፍሽ አላልኩም። ሚሊ ግራም የሚለውን የሰማው የድጋፍ ስልኩን ያነሳው ሰው ነው።» ወደ ፕሮግራመሩ ዞረች። «እስቲ ደውልለት።»

ፕሮግራመሩ ደወለ። የሥራ አስኪያጁ የኮት ኪስ ጮኸ።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ዘግቶ ግንባሩን ጠረገ።

«ገዢዎች ‹ሦስተኛው ኤፒአይ እያለ ለምን ሁለተኛውን ትሸጡልናላችሁ› እያሉ አስቸገሩኝ» አለ። «ቨርዥን ብቻ ይባል፣ ይቅለል ብዬ ነው። ሰው ልገድል አስቤ ነው እንዴ?»

«አላሰቡም። ሰው መሞቱን ሲሰሙ ግን መስመሯን አስተካክለው ዝም አሉ። ይቺ ሴት በእርስዎ ጥፋት ልትታሰር ነበር። ይሄን እንዴት ቻሉት?» መርማሪዋ ፖሊሱን በዓይኗ ጠራችውና ሲስተሯን «ሂጂ፣ ልጆችሽ ይጠብቁሻል» አለቻት።

ሲስተሯ አልተነሳችም። ሥራ አስኪያጁን ታየዋለች።

«ይሄ ፓምፕ ሌላ ሆስፒታል አለ?»

«አለ።»

«መመሪያውን ጠዋት፣ ሳያስተካክሉት፣ ያነበቡ ይኖራሉ?»

ሥራ አስኪያጁ አቀረቀረ።

«ነግረዋቸዋል?»

ሲስተሯ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመስመር ስልክ ወደ ራሷ ሳበች።

«ቁጥራቸውን ይንገሩኝ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ከፍቶ የመጀመሪያውን ነገራት። ወዲያ ማዶ የተረኛ ነርስ ድምፅ ሲሰማ ሲስተሯ እጀታውን በሁለት እጇ ያዘች።

«እህቴ፣ እኔም እንዳንቺው ነርስ ነኝ። እያወራሁሽ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ሂጂ። ፓምፑ ላይ ሰው አለ?»