አበልጅ የሸጠው መኪና

ዳላስ አጠገብ፣ ሌዊስቪል በምትባል የቴክሳስ ከተማ ውስጥ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለ አፓርታማ፣ አባትና ልጅ ይኖሩ ነበር። እናትዮዋን ማርያማዊትን ካንሰር ከነጠቃቸው ወዲህ አሻግሬ ለአንድ ልጁ ለሊዮል አባትም እናትም ሆኖ፣ ቀን ካርቶን ሲጭን እየዋለ፣ ማታ ፓስታ እያሳረረ አሳድጎ ዩኒቨርሲቲ አስገባው። ዘመድ የሚሉት መዝገቡን ብቻ ነበር። ኤርፖርት የተቀበላቸው፣ ሊዮልን ክርስትና ያነሣው፣ ማርያማዊት ስትቀበር አሻግሬን ደግፎ የቆመው አበልጃቸው መዝገቡ ነው። ሥራውም ከጨረታ መኪና ገዝቶ፣ አሳጥቦና አሳምሮ መሸጥ ነበር። ታዲያ ሊዮል ዴንተን ከተማ ወዳለው ዩኒቨርሲቲው የሚመላለስበት መኪና ሲያስፈልገው ከማን ይገዛለት? ከባዳ?

ብርማዋ መኪና ደጃቸው ፓርክ እንደተደረገች ሊዮል ስልኩን አወጣ። «አባ፣ ጀስት የሻንሲ ቁጥሯን ላስገባ። ተጋጭታ ከሆነ ያሳያል። ሁለት ደቂቃ ነው።»

አሻግሬ በኀፍረት ፊቱ ጋለ። አበልጅ በአበልጁ ፊት ይመረመራል? ስልኩን ከልጁ እጅ ነጠቀና፣ «የክርስትና አባትህን ሌባ ልታደርገው ነው? አታዋርደኝ!» አለው በሹክሹክታ።

መዝገቡ ሰምቶ ኖሮ ሳቀ። «ተወው እንጂ አበልጄ! የአሜሪካ ልጅ አይደል? ቆሎ እንኳ ሪቪው ሳያነብ አይቆረጥምም!» ከዚያ እጁን ሊዮል ትከሻ ላይ አሳረፈ። «ጭረት ነክቷት እንደሆነ ይኼን ልጄን ይንሣኝ!»

ምነው ያን ጊዜ ምላሱ በተሳሰረ! አንድ ዝናባማ ረፋድ፣ ሰርቲ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ፣ ከፊቱ የነበረው መኪና ድንገት ቆመ። ሊዮል ፍሬን ያዘ፤ መንገዱ አንሸራተተውና ገጨው። ከፊት የነበረው ሰውዬ ወርዶ የመኪናውን ቂጥ እያየ ይራገም ጀመር። ሊዮል ግን አልወረደም... ኤርባጉ፣ ከግጭት የሚያድነው የአየር ከረጢት፣ አልተነፋም። ሊነፋስ ከየት መጥቶ? መርማሪው የመሪውን ክዳን ሲከፍተው የተጠቀጠቀ ጨርቅ አገኘ። የመኪናዋ ኤርባግ በቀድሞ አደጋ ፈንድቶ አልቆ፣ ሌላ ሳይተካ፣ ላዩ ብቻ ተለብጦ ነበር። አሻግሬ ለልጁ መኪና የገዛ መስሎት የሬሣ ሳጥን ገዝቶለት ኖሯል!

ለቀስተኛው ምግቡን በአልሙኒየም ትሪ ይዞ መጣ፣ ስለ ፓርኪንግ አማረረ፣ አልቅሶ ሄደ። ቤቱ ጭው አለ። የሊዮል ስልክ ብቻ ጠዋት ጠዋት ለክፍል መቀስቀሻ ይጮኻል። አሻግሬ ማጥፊያውን አያውቀውም። ቢያውቅስ እጁ ይታዘዝለት ነበር?

በመጨረሻ ኤፍሬም የሚባል ወጣት ጠበቃ ዘንድ ሄደ። «‹ባለችበት ሁኔታ ገዝቻለሁ› ብዬ ፈርሜለታለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ ያ ፊርማ ውሸትን አይሸፍንም። አውቆ ደብቆ ከሆነ ሸማች የሚከስበት ሕግ አለ፤ ለልጅዎ ሞትም ይጠየቃል። መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንልካለን፤ እምቢ ካለ ፍርድ ቤት። ሁለት ዓመት ካለፈ ግን በሩ ይዘጋል። ሶ... ሲገዙ የመኪናዋን ታሪክ አላዩም?»

«ልጁ ሊያይ ነበር...» አሻግሬ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ የከለከልኩት።» ኤፍሬም መጻፉን አቆመ።

ደብዳቤው በደረሰ ሰሞን ሽማግሌዎች መጡ። ከፊት የአገሩን ልጆች የሚያስታርቀው ጋሽ ዩኑስ፣ ቀጥሎ አንድ ቄስ፣ ከኋላ ደግሞ መዝገቡ፣ ጫንቃው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ። ተበዳይ ድንጋዩን ካወረደለት በደሉ ቀረ ማለት ነው። ግን የዳላስ ሰው የዕርቅ ድንጋይ ከየት ያመጣል? ከአትክልት መሸጫ ተገዝቶ ኖሮ የዋጋው ልጣፍ እንኳ አልተነሣም ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ሊዮል በሳቅ ይፈርስ ነበር...

መዝገቡ ተንበረከከ። «አውቄ ነበር፣ አበልጄ። ጨረታው ላይ ኤርባጓ ተንጠልጥሎ አይቻለሁ። ምንም አይሆንም ብዬ ነው። ማረኝ!»

«አውርድለት፣ አሻግሬ» አለ ጋሽ ዩኑስ። «ክሱንም ተወው። ልጁ እንደሆነ አይመለስ። አንተስ ያለ ሰው ልትቀር ነው?»

አሻግሬ እጁን ዘረጋ። ድንጋዩን ካወረደ ወንድም ይኖረዋል፤ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚቀብረው ያገኛል። ካላወረደስ? ከአራት ግድግዳ በቀር ማን አለው? ጣቶቹ ድንጋዩ ላይ እንዳሉ አንድ ነገር ትዝ አለው። «እንዲህ ያለች ሌላ መኪና ለሌላ ሰው ሸጠሃል?»

መዝገቡ ከድንጋዩ ሥር አቀረቀረ። አሻግሬ ደግሞ ጠየቀው። ይባስ አጎነበሰ።

አሻግሬ እጁን ሰበሰበ። «እንግዲያስ ለእኔ ያልከውን ዳኛ ፊት በለው። የሌሎቹ ገዢዎች ልጆች ገና በሕይወት አሉ። ያን ቀን አወርድልሃለሁ።»

«ሽምግልና ረገጥክ!» ብሎ ጋሽ ዩኑስ ብድግ አለ። መዝገቡም ድንጋዩን ራሱ አውርዶ ምንጣፉ ላይ አኖረና ተከትሏቸው ወጣ።

ችሎት ላይ መዝገቡ ካደ፤ ሽማግሌዎቹም ማመኑን «አልሰማንም» አሉ። ጨረታ ቤቱ መኪናዋ ተጋጭታ ሳለች ያነሣትን ፎቶ ባያስቀምጥ ኖሮ አሻግሬ ይሸነፍ ነበር። ተፈረደለት። ከመዝገቡ የገዙት ሁሉ እየተፈለጉ ተነገራቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የአሻግሬን ደጅ የሚያንኳኳ ጠፋ። መንገድ ላይ ሲያዩት ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ።

የሊዮል ሙት ዓመት ደረሰ። አሻግሬ ሦስት ድስት ወጥ ሠርቶ፣ ወንበር ተከራይቶ ደርድሮ ጠበቀ። ቀትር ሆነ፤ ማንም የለ። ወጡ ቀዘቀዘ፤ አሞቀው፤ ደግሞ ቀዘቀዘ። ወንበሮቹን ማጣጠፍ ሲጀምር በሩ ተንኳኳ። ቪከሪ ሜዶ ከሚባል የዳላስ ሰፈር በአውቶቡስ የመጣች፣ ሁለት ልጆች የያዘች የማያውቃት ሴት ነበረች።

«ዕፀ ሕይወት እባላለሁ። የእኔም መኪና ኤርባግ አልነበራትም አሉኝ... እነዚህን ነበር ይዤባት የምዞረው።» ልጆቿን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻቸው። «የልጅዎ መታሰቢያ ነው ሲሉኝ፣ ነፍስ ይማር ልል መጣሁ። ሌላው ሰው ገና ነው እንዴ?»

አሻግሬ ባዶውን ወንበር ሁሉ አየ። «አዎ... ገና ናቸው» አለና ወጡን ሊያሞቅ ፊቱን አዙሮ፣ ምድጃው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ሽማግሌዎቹ ዛሬም «የሊዮል ዕድሉ ነው፣ ከላይ የተጻፈበት» ይላሉ። ከላይ የተጻፈውን ማን አይቶት? እታች ግን አውቆ የሸጠ ነበረ፣ አፍሮ ያልጠየቀ ነበረ፣ ሰምቶ አልሰማሁም ያለ ነበረ። ምነው ዕድል አፍ ኖሯት እሷ ራሷ በመሰከረች!