የካታል ድምፅ በወይዘሮ ብሪድ ቤት

ወይዘሮ ብሪድ መልክዊንን የምድጃው ድንጋይ ራሳቸውን መትቷቸው፣ ሞተው ያገኛቸው ጃርቪስ ነበር፤ እሳቸው ቤት ተከራይቶ የአየርላንድ አነጋገር የሚማር አውስትራሊያዊ ተዋናይ። ማስተማሩንስ አስተማሩት፤ ግን በማን አንደበት? ባሕር በበላው በበኩር ልጃቸው፣ በካታል። ጃርቪስ በዚያ ድምፅ ሰላም ሲለን ደንግጠን ያማተብን ብዙ ነን። እሳቸው ግን ራት አቅርበውለት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡት ነበር።

ጎረቤታቸው እትዬ አትራክታ፣ ወይዘሮ ብሪድ በሞቱበት ምሽት የካታል ድምፅ «እማዬ» ሲል በግድግዳው በኩል ሰማሁ ብለው ማሉ። ጃርቪስ ባሕሩ ዳርቻ ብቻዬን አነጋገሩን ስለማመድ ነበር ቢልም ያየው የለም። መንደሩ ፈረደበት፤ የቀረው ካቴናው ነበር።

መርማሪ ግራኒያ ኮስቴሎ ለቅሶው ቤት መጣች። ሬሳው ሳሎን ተጋድሞ፣ ሻይና ዳቦ ይዞራል። ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ታናሹ ልጅ ፊንታን ከእናቱ ራስጌ ንቅንቅ አላለም።

«ስታገኛቸው ምን አደረግህ?» አለችው ጃርቪስን።

«ብርድ ልብስ አለበስኳቸው። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ዝናብ ይገባ ስለነበር ዘጋሁት።»

«የነፍሳቸውን መንገድ ዘጋባቸው!» አሉ እትዬ አትራክታ። ቤቱ አጉረመረመ።

«ልክ ነዎት» አለች ግራኒያ። «ሰው ሲሞት መስኮት መክፈት የእኛ ወግ ነው። እሱ አያውቀውም፤ ቢያውቅ ባልዘጋው። ሟችም ነፋስ ይጠሉ ነበር፤ በዝናብ መስኮት አይከፍቱም። እንግዲያው ከእሱ ቀድሞ ሞተው ያያቸው ሰው አለ። ወጋቸውን አድርሶ፣ ለማንም ሳይናገር ሄደ። የሚወዳቸው ሰው ነው።»

«ድምፁስ?» አሉ እትዬ አትራክታ።

«ያንን አነጋገር የተማረ አንድ ሰው አለ። አብሮት ያደገም አንድ አለ።»

ሁላችንም ወደ ፊንታን ዞርን። ልጁ አልካደም።

«ይሄን ትምህርት ተይው ብዬ ለመንኳት። ‹ብተወው ካታል ይቀየመኛል› አለችኝ። እኔ በሕይወት ያለሁት ልጇ ፊቷ ቆሜ። ክንዷን ይዤ ነቀነቅኳት፤ ከእጄ አምልጣ ወደቀች። ራሷን ጭኔ ላይ ሳደርገው ‹ካታል፣ አንተ ነህ?› አለችኝ።»

ግራኒያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ምን መለስክላት?» አለችው።

«‹አዎ እማዬ፣ ካታል ነኝ› አልኳት፤ በእሱ ድምፅ። ፈገግ ብላ ሞተች።»