ውሃ ያልሞላው ዱካ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ግን ቆሜ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

እሑድ ነው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ። ውሃው የሸሸበት ግድብ ዳር፣ ጭቃው ሜዳ ላይ ነን። ያለነው ሁለት ሰዎች ብቻ... እኔና የእህቴ ባል።

የእህቴ ባል የአውሬ ዱካ ስለ መከተል የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዷል። ከዚያ ወዲህ እግዜር ያሳያችሁ። የጎረቤት ድመት በግቢያችን ካለፈች እንኳ ተንበርክኮ ይለካል። ባዶ በርሜል ይጮኻል ሲባል እሰማ ነበር፤ በርሜሉ እህቴን ማግባቱን ነው ያላወቅሁት።

እሷ ግን ትወደዋለች። ስንወጣ በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

"ወንድሜ፣ ብቻውን እንዳትተወው። በደህና መልስልኝ።"

እሺ አልኳት።

ሜዳው ላይ ትልቅ ክብ ዱካ አገኘን።

"ጥፍር ይታይሃል?" አለኝ።

"አይታየኝም ጋሼ።"

"ውሻ ቢሆን ጥፍሩ ይታይ ነበር። ይሄ ነብር ነው። አንተ እኮ ዝሆን ቢረግጥህም ዝም ነው የምትለው።"

በሆዴ ግን፣ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አልኩ።

ዱካውን ተከተልን። እሱ ደረቱን ነፍቶ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

"እግሩ ሁለት ብቻ ነው እንዴ?" አልኩት።

"የኋላ እግሩን የፊተኛው ዱካ ላይ ነው የሚያሳርፈው። ይሄን ሕፃን ያውቀዋል።"

ሊሆን ይችላል። ግን...

ዱካው ውስጥ ውሃ ነበረ። ወደፊት በሄድን ቁጥር ውሃው እያነሰ መጣ። ጎንበስ ብዬ አንዱን ዱካ ሳየው፣ ገና ውሃ ከሥሩ እያዠ ይሞላ ነበር።

አሁን... አሁን የተረገጠ ነው።

ቀና አልኩ። ሜዳው እንደ መዳፍ የተዘረጋ ነው። ዛፍ የለም። ድንጋይ የለም። ወፍ እንኳ የለም።

"ጋሼ" አልኩ በሹክሹክታ። "እንመለስ።"

"ፈራህ?"

"እህቴ..."

"የእሷን ቀሚስ ይዘህ ብትቀር ይሻልህ ነበር።"

ከእሱ ፊት ያለው ዱካ ውሃ አልገባበትም። ከዚያ ወዲያ... ምንም። ጭቃው ልሙጥ ነው።

የእህቴ ባል መጨረሻው ዱካ ላይ ቆመ። ትከሻውን አንዴ ሰበቀ።

"ዘሎ ነው" አለ።

"ወዴት?"

ዞረና የቤቱን መንገድ ያዘ።

ያ የማይዘጋ አፍ ተዘጋ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። እሰይ፣ ይበልህ እያልኩ ተከተልኩት። ሲያቃስት ስሰማው ጭራሽ ሳቄ መጣ። ነብር አዳኙ አንድ ሜዳ ተራምዶ ደከመው።

ከዚያ እግሩን አየሁ።

ስንመጣ ጫማው ጭቃውን የነካው ለስሙ ነበር። አሁን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይሰምጣል።

እኔ ከእሱ እወፍራለሁ። የእኔ እግር አይሰምጥም።

"ጋሼ... ደህና ነህ?"

ሁለት እጆቹን ከወገቡ በታች፣ ወደ ኋላ አቆላልፏል።

"ቀስ ብለህ አውራ" አለኝ። ድምፁ የራሱ ነው፤ ንቀቱ ግን የለበትም። "ተኝቷል።"

ማን እንደተኛ አልጠየቅሁም።

ቤት ስንደርስ እህቴ በሩን ከፈተች። ባሏን ስታይ ፊቷ በራ።

"ተመስገን" አለች። "በደህና መለስክልኝ።"

የቤቱ በር ከፍ ያለ ነው። የእህቴ ባል ደግሞ አጭር ሰው ነው፤ እጁን ቢዘረጋ እንኳ ጉበኑን አይነካውም።

ጉልበቱን አጠፈ። ልጅ ያዘለ ሰው እንደሚያደርገው፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ በጥንቃቄ ገባ።

እህቴ ተከትላው ገባች። እኔ አልገባሁም።