ፊልሙ በቀበሌ አዳራሽ የታየ ቀን

ብርሃነሽ ወንድሙ የሚባለውን ወጣት የተዋወቀችው በ1978 ዓ.ም. ቦኖ ላይ ነው። አዋሳ ውስጥ ውሃ በሦስት ቀን አንዴ በሚመጣበት በዚያ በጋ፣ ስለ ውሃ እጥረትና ቁጠባ ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች መጡ። ካሜራውን የያዘው ወንድሙ ነበር።

«እህቴ፣ ጀሪካንሽ ሲሞላ ቧንቧውን አትዝጊው። ትንሽ ይፍሰስ» አላት።

«ይሄ ሁሉ ሰው ተሰልፎ?»

«ለትምህርት ነው። ደግሞ ወደ እኔ ተመልከቺ።»

ተመለከተች። ውሃው እግሯ ላይ ሲፈስ አልታወቃትም።

ከዚያ ወዲህ ለሥራ በመጣ ቁጥር ፒያሳ ሻይ ይጠጡ ጀመር። በስድስተኛው ወር «እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ይህን ስትሰማ «ሰው ሳይሰማ ባለቀልን» ብላ አማተበች።

ሐሙስ ዕለት ፊልሙ በቀበሌው አዳራሽ ታየ። ብርሃነሽ በፊልሙ ላይ ከነጀሪካኗ ብቅ ስትል፣ ተራኪው «ግዴለሾች ውሃችንን እንዲህ ያባክናሉ» አለ።

«ሐይቁን ልትሞላ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዓይኗን እዩት! ጀሪካኑ ላይ መች ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን አልሳቀም፤ መብራት አስበራ።

«ጓዲት ብርሃነሽ፣ ተነሽና ግለሂስ አድርጊ።»

ተነሳች። ወንድሙ ከፊልም ማሳያው አጠገብ ቆሟል፤ አለቃው ከጎኑ አለ። «እኔ ነኝ አፍስሺ ያልኳት» ቢል ይበቃ ነበር። ትክ ብላ አየችው። እሱ የፊልሙን ጥቅል ያያል። ከጎኗ የተቀመጠችው እናቷ የልጇን ቀሚስ ጫፍ ጨምድዳ ይዛለች።

«አጥፍቻለሁ። አይደገምም» አለች።

ቤተሰቧ ለሁለት ሳምንት ከቦኖው እንዳይቀዳ ተወሰነ።

ወንድሙ ደጅ ላይ ደረሰባት።

«አለቃዬ ቆሞ ነበር እኮ! ብናገር ከሥራ...»

«ገብቶኛል።»

«አንቺስ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንተን እየጠበቅሁ ነበር።»

አልተቆጣችም። እንባም አልመጣላትም፤ ያስፈራት ይኸው ነው።

እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። ብርሃነሽ «አልፈልግም» ብላ ጓዳ ቀረች። አባቷ አቶ ኃይለሚካኤል ወደ እሷ ገብቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ልጁ ምን በደለሽ?»

«ምንም። ክፉ ሰው አይደለም።»

«ታዲያ?»

«አባዬ፣ በዚህ ዘመን በሰው ቤት ላይ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። የመጣ ቀን ዞሬ የማየው እሱን ነው። ያኔ ወዴት እንደሚያይ አውቄዋለሁ።»

አባቷ ወደ ሽማግሌዎቹ ወጣ። «ልጅቷ አልፈቀደችም፤ አክብራችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን» ሲል ሰማችው።

ከመጋረጃው ወዲያ ሦስቱ ወንበሮች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተገፉ። ሦስተኛው ዘግይቶ ነበር፤ ልትጠራቸው ጊዜ ነበራት።

አልተጣራችም።