ከወንጌሉ የተቆረጠው ቅጠል

«ወንጌሉን ማን ሰቀለው?»

አንሙት ወለተ ሐዋርያትን ጠየቋት። ዓይኗ ከሬሳው ላይ አልነቀል ብሏት ነበር። መምህር ወልደ ሩፋኤል ከቁይ ከተማ ወዲያ ያለችው ትንሽ ደብር መጻሕፍት ጠባቂ ነበሩ። ጧት ቆሎ ልታደርስላቸው ብትመጣ፣ ብራና በሚያለሰልሱበት ድንጋይ ተፈንክተው የደብሩ እቃ ቤት ውስጥ አገኘቻቸው። ቀለሙ ፈስሷል፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች በቀለም ጠቁረዋል። ታላቁ ወንጌል ግን በቆዳ ማኅደሩ ተከቶ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል።

«እንዲሁ ነው ያገኘሁት አያ አንሙት። እጄን አላሳረፍሁበትም።»

አንሙት ጣሊያን ሳይገባ የወረዳው ዳኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ወንጌሉን ተሳልመው አወረዱና ገለጡት። ባዶ በተተዉት ገጾቹ ላይ የአገሩ ታሪክ ተጽፏል፤ የርስቱ ድንበር፣ የረኃቡ ዘመን፣ የሹም ሽሩ። መጨረሻ ላይ አንድ ቅጠል ጎድሏል። ከስፌቱ አንድ ጣት ያህል አስተርፎ በቢላዋ የቆረጠው ሰው አለ።

የባንዳ አለቃው ሙላት በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል።

«ምን ያደክምዎታል? የዚች ልጅ ታረቀኝ ትናንት ከመምህሩ ጋር በርስት ድንበር ተጣልቶ ‹መጽሐፍዎን አቃጥለዋለሁ› ሲል አገር ሰምቶታል። ጀንበር ሳትጠልቅ እሰቅለዋለሁ።»

ወለተ ሐዋርያት የአንሙትን ነጠላ ጨምድዳ ያዘች።

«እስከዚያ አውጫጭኝ እንቀመጥ» አሉ አንሙት። «ወይስ ጌቶችህ ይህንንም ከልክለዋል?»

«ተቀመጡ። እኔም ገመዱን ላስፈልግ።»

አውጫጭኝ ከተባለ፣ ገዳዩ ሳይታወቅ ማንም ከዋርካው ሥር ንቅንቅ አይልም። አገሬው ተሰበሰበ። ታረቀኝ እጁን እንደታሰረ ቀረበ።

«‹አቃጥለዋለሁ› ብለሃል?» አሉት አንሙት።

«ብያለሁ። ተናድጄ ነው።»

«ወንጌሉ ከየትኛው ችካል ላይ ነው የሚሰቀል?»

«ምን አውቄ? እቃ ቤት ረግጬ አላውቅም።»

አንሙት ወደ ሙላት ዞሩ። «አንተም ወንጌሉን ፈልገህ ነበር አሉ።»

«ስሜ ተጽፎበታል ቢሉኝ ልወስደው ነበር። ይጻፍ! ለጣሊያን ማደሬን መች ደበቅሁ?»

ቀጥሎ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ቄሰ ገበዝ ፍቅረ ሥላሴ ተጠየቁ።

«ትናንት ካህናቱ ሁሉ ጉንደ ወይን ለተዝካር ወርደዋል። እርስዎስ?»

«ራሴን አሞኝ ቀረሁ።»

«ጥምጥምዎ የወፈረው ለዚያ ነው?»

«ብርዱስ!»

አንሙት ተነሡ።

«መምህሩ ሲጽፉ ነው የተመቱት፤ ጣታቸው ይመሰክራል። ስለዚህ ወንጌሉ ተገልጦ ነበር። ገዳዩ ዘግቶ፣ ማኅደሩ ውስጥ ከቶ፣ ከቦታው ሰቀለው። ታረቀኝ ቦታውን አያውቅም። ሙላት ቢሆን ይዞት ይሄድ ነበር። ወንጌልን መሬት ላይ ጥሎ መሄድ እጁ እምቢ ያለው፣ መጽሐፍ ሲሰቅልና ሲያወርድ ያደገ ሰው ነው። ቅጠሉንም ከሥሩ አልቆረጠውም፤ ከሥሩ ቢቆረጥ በስፌቱ የተያያዘው መንታ ቅጠሉም እንደሚረግፍ ያውቃላ። ከመጽሐፍ ሰዎች ደግሞ ትናንት እዚህ የቀሩት አንድ ናቸው።»

«ቅጠሉስ የታለ?» አሉ ቄሰ ገበዙ። ከንፈራቸው ደርቋል።

«ቤት እንዳይተዉት የሙላት ሰዎች ጎጆ ሁሉ ይፈትሻሉ። እንዳያቃጥሉት የመምህሩ ጽሑፍ ሁሉ ‹በስመ አብ› ብሎ ነው የሚጀምረው፤ የሥላሴን ስም ማቃጠል ፈሩ። የሰው አናት መፈንከት ግን አልፈሩም። ጥምጥምዎን ይፍቱ።»

አልፈታ ሲሉ ሁለት ጎልማሶች ፈቱት። የታጠፈ ብራና ዱብ አለ።

አንሙት ጮክ ብለው አነበቡት። የአርበኞቹን ዋሻ ለጠላት ያሳየ፣ አሥራ አንድ ሰው ያስፈጀ ቄሰ ገበዝ ፍቅረ ሥላሴ ነው ይላል። ሰዉ በቃሉ እንዲይዘው ደግመው አነበቡት።

ወለተ ሐዋርያት የቄሱን እጅ አየች። አሥራ አንዱ ሲቀበሩ ፍትሐት ያደረሰላቸው ይኸው ሰው ነበር። በየሰንበቱ ያንን እጅ ተሳልማለች። ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ አልለቅ ያላት ይመስል ደግማ ፈተገችው።

ሙላት እንኳ እንትፍ አለ። «እኔስ ለጣሊያን በጠራራ ፀሐይ ነው የገባሁ!» ብሎ የታረቀኝን እስራት በጠሰ።

በማግስቱ ፍቅረ ሥላሴ በጣሊያን በቅሎ፣ በጣሊያን አጃቢ ደብረ ማርቆስ ገባ። የጠየቀው የለም። ታረቀኝ ወደ አርበኞቹ ሄደ። አንሙት ቅጠሉን ከወንጌሉ ጋር ሊያሰፉ ቀሩ። ወለተ ሐዋርያትም የስፌቱን ክር ልትፈትልላቸው ቀረች።