የኤልጂን ሃምሳ ዶላር

አያትህ በታጠበ ቁጥር የሳሙናውን ዋጋ ከኪሱ ቢቀንሱበት፣ አይተህ ዝም ትላለህ? ብሪያ ዝም ብላ ነበር።

አያቷ ኤልጂን በያንግስታውን ከተማ የብረት ፋብሪካ ሠላሳ አራት ዓመት የሠሩ፣ የሠራተኞች ማኅበር ተጠሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ጡረታቸው ለሚኖሩበት የአረጋውያን መኖሪያ ይገባል፤ ለራሳቸው የምትተርፋቸው በወር ሃምሳ ዶላር ናት። እሷንም የመኖሪያው ቢሮ ይዞላቸው በየሦስት ወሩ የሂሳብ መግለጫ ይሰጣቸዋል። ዓይናቸው ስለደከመ የምታነብላቸው ብሪያ ናት። ባለፈው ሳምንት መግለጫው ላይ «ሳሙና፣ ሻምፑ» የሚል ወጪ አየች። ኮሪደሩ ላይ የተለጠፈው የነዋሪዎች መብት ዝርዝር ግን መኖሪያው እነዚህን በነጻ ማቅረብ እንዳለበት ይናገራል። እናቷ እዚያው ልብስ አጣቢ ናት። ብሪያ የእናቷ እንጀራ አሳሰባትና «ሁሉም ደህና ነው፣ አባባ» ብላ አለፈችው።

ዛሬ የነዋሪዎች ሸንጎ ቀን ነው። ሰብሳቢው ኤልጂን ናቸው፤ ብሪያም አጠገባቸው ተቀምጣለች። የመኖሪያው ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ኮርዴል ዶናት ይዘው ፈገግ እያሉ ገቡ።

«ልጄ፣ ማን ጠራሽ?» አሉ ኤልጂን። «በዚህ ሸንጎ ሠራተኛ የሚገባው ሲጋበዝ ነው።»

«ዶናቱ ግን ተጋብዟል!» አሉ ከነዋሪዎቹ አንዷ ሚስ ኦዴሳ ከወዲያ ጥግ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ወይዘሮ ኮርዴል ቀልተው ወጡ።

ሳቁ ሲበርድ ኤልጂን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወደ ክሊቭላንድ ከምናደርገው ጉዞ ስሜን ሰርዙልኝ። ለትኬት ያጠራቀምኩት ገንዘብ አልቋል አሉኝ ቢሮው። የት እንዳጠፋሁት አላስታውስም። ጭንቅላቴ ሊከዳኝ ነው መሰለኝ፤ ሌላ ሰብሳቢ ምረጡ።»

ብሪያ ፊቷ ጋለ። እኚህ ሰው የሦስት መቶ ሠራተኛ ስም በቃላቸው ይጠሩ ነበር!

«አባባ፣ ጭንቅላትዎ አልከዳዎትም። እኔ ነኝ የዋሸሁዎት።»

መግለጫውን ከቦርሳዋ አውጥታ መስመር በመስመር አነበበችው። ስታነብ ሚስ ኦዴሳ የራሳቸውን ወረቀት ዘረጉ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ያው ሳሙና፣ ያው ሻምፑ።

«እኔ እኮ ፀጉር የለኝም!» ብለው ጮኹ አንድ መላጣ ሽማግሌ።

ብሪያ ወደ በሩ ዞረች። እናቷ የአንሶላ ጋሪዋን አቁማ ስትሰማ ነበር። ብሪያ ንባቧን አቋረጠች። እናቷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ «ጨርሺው» አለቻት።

ኤልጂን ዊልቸራቸው ላይ ቀጥ አሉ፤ ፊታቸው ላይ የድሮው ተጠሪ ተመለሰ።

«የዋሸሽኝን በኋላ እንነጋገራለን። እንዲህ አድርጎ ግን ማንም አንብቦልኝ አያውቅም፤ ኮራሁብሽ። በሉ፣ ወይዘሮ ኮርዴልን ጥሩልኝ። አሁን ተጋብዛለች።»

ወይዘሮ ኮርዴል ገብተው ወረቀቶቹን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሚስተር ኤልጂን፣ ቢሮ ገብተን ብንነጋገርበት አይሻልም?»

ኤልጂን ለብሪያ በእጃቸው ምልክት ሰጧት።

«ቢሮ አንገባም» አለች ብሪያ። «ገንዘባቸው የተወሰደባቸው እዚህ ተቀምጠዋል። በእነሱ ፊት፣ ጮክ ብለው ይመልሱ፤ ከገንዘባቸው እንዲቀንሱ ማን ፈቀደልዎት?»